አራት ቀናት በሳሞስ ደሴት

የግሪክ ደሴቶች ሲነሡ በብዙዎቻችን ዓይነ ሕሊና የሚመጡት በነጭ ኖራ የተለቀለቁ ቤቶች፣ ሰማያዊ ባሕርና በአሸዋ ላይ የተጋደሙ ጎብኚዎች ናቸው። ይህ ሁሉ በሳሞስም አለ። ነገር ግን ከቱርክ ጠረፍ 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ጠባብ ባሕር ብቻ የተለየችው ይህች የምሥራቅ ኤጅያን ደሴት፣ ለሳይንስ ወዳጅ የምታቀርበው ሌላም ግብዣ አላት። አውሮፕላን የሚያርፍበት ጣቢያ የተሰየመው በጥንታዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ በአሪስታርኮስ ነው። በአቅራቢያው ያለው የወደብ ከተማ ደግሞ ፓይታጎርዮ ይባላል። ከተማዋ እስከ 1955 እ.ኤ.አ. ድረስ ቲጋኒ፣ ማለትም «መጥበሻ»፣ ትባል ነበር፤ ስሟ የተለወጠው በደሴቲቱ ለተወለደው ለፓይታጎረስ ክብር ነው።

እኛም ወደ ሳሞስ የዘለቅነው በአውሮፓ ከተካሄደ አንድ የሙያ ስብሰባ በኋላ፣ አራት የዕረፍት ቀናት ቢተርፉን ነበር። ፊዚክስ ለማስተማር ሳይሆን ለማረፍ ነበር የሄድነው። ይሁን እንጂ በየደረስንበት ሥፍራ አንድ ጥያቄ ይከተለን ጀመር፤ እርሱም፦ ለመሆኑ ሰው ስሕተቱን አስቀድሞ ካወቀ ምን ያደርግበታል? የሚል ነው። ውድ አንባብያን፣ በደሴቲቱ ሊታዩና ሊሠሩ የሚገባቸውን ነገሮች በዚህ ጥያቄ እየታገዝን እንመለከታለን።

ከወደቡ ስንነሣ

ወደ ፓይታጎርዮ የመጣ ሰው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወደቡ ነው። በግንቡ ጫፍ ላይ 90 ዲግሪ ማዕዘን ባለው ጎነ ሦስት ቅርጽ የተሠራ የፓይታጎረስ ሐውልት ይገኛል፤ ጎብኚዎችም በተራ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። የሁለቱ አጫጭር ጎኖች ካሬ ድምር ከረጅሙ ጎን ካሬ ጋር እኩል መሆኑን ያልተማረ የለምና፣ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች አንድ ዓይነት ፈገግታ ሲያሳዩ ማየት ደስ ያሰኛል። በእርግጥ እንዲህ ያሉትን የጎኖች ዝምድናዎች ባቢሎናውያን ከፓይታጎረስ በፊት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀድመው ያውቋቸው ነበር። ፓይታጎረስ ራሱም በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. አገሩን ለቆ በደቡብ ኢጣሊያ በምትገኘው ክሮቶን ከተማ ኖሯል።

ዛሬ ዓሣ የሚበላባቸውና ቡና የሚጠጣባቸው ጠረጴዛዎች የተደረደሩበት ወደብም ተራ ሥፍራ አይደለም። ታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶተስ በ5ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ስለ ሳሞስ በስፋት የጻፈበትን ምክንያት ሲገልጽ፣ ሳሞሳውያን ከግሪኮች ሥራዎች ሁሉ የሚልቁ ሦስት ታላላቅ ሥራዎችን መሥራታቸውን ያነሣል። እነዚህም የወደቡ የማዕበል መከላከያ ግንብ፣ የሄራ ቤተ መቅደስና ተራራውን ሰንጥቆ ውኃ የሚያመጣው ዋሻ ናቸው። ሦስቱም በአንድ ቀን ሊታዩ ይችላሉ። ጊዜ ያለው ግን ለዋሻው ብቻ ግማሽ ቀን ይስጠው።

በተራራው ሆድ ውስጥ

ዋሻውን የነደፈው ኤውፓሊኖስ የተባለ የሜጋራ ከተማ ሰው ሲሆን፣ ዘመኑም 6ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. ነው። የዋሻው ርዝመት 1036 ሜትር፣ ስፋቱና ከፍታው እያንዳንዳቸው 1.8 ሜትር ገደማ ናቸው። ከተራራው በስተጀርባ ያለውን የምንጭ ውኃ ጠላት ሳያየው ወደ ከተማዋ ለማምጣት ታስቦ የተሠራ ነው። ሥራውን ለማፋጠን ቁፋሮው የተጀመረው ከሁለቱም የተራራው ጎኖች ነበር። መሣሪያቸው መዶሻና መሮ፣ መብራታቸው የዘይት ኩራዝ ነበር። ኮምፓስ አልነበረም።

መግቢያው እጅግ ጠባብ ነው። ከፍ ያለ ቁመና ያለው ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ሰፋ ያለው ደግሞ ወደ ጎን ዞሮ በደረጃው ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ዋሻው ሰፋ ስለሚል ቀና ብሎ መሄድ ይቻላል። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ በግድግዳው ላይ ጥንታውያኑ ልኬታቸውን የመዘገቡባቸው የቀይ ቀለም ፊደላት ይገኛሉ። በአንድ ጎን ወደ ታች ሲመለከቱ ውኃው ይሄድበት የነበረው ቦይ ይታያል። የዋሻው ወለል ደልዳላ በመሆኑ ውኃውን የሚያወርደውን ዘቅዛቃነት የሚሰጠው ይህ ቦይ ነው። ስለዚህ በሰሜን ጫፍ 4 ሜትር ያህል የነበረው የቦዩ ጥልቀት በደቡብ ጫፍ ከ8 ሜትር ይበልጣል።

ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ግን ሁለቱ ቡድኖች የተገናኙበት ሥፍራ ነው። ጎብኚው እስከዚያ በአመዛኙ ቀጥ ብሎ የመጣውን መንገድ ድንገት ሲጠማዘዝ ያገኘዋል። በመጀመሪያ ሲታይ ቆፋሪዎቹ የተሳሳቱ ይመስላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ኤውፓሊኖስ ያደረበት ሥጋት ይህ ነበር፦ ሁለቱ መስመሮች በጥቂት ሜትር እንኳ ወደ ጎን ቢዛነፉ፣ አንዱ በሌላው አጠገብ ትይዩ ሆኖ ያልፋል፤ ቡድኖቹም ሳይገናኙ ይቀራሉ። ትይዩ መስመሮች አይገናኙም። በአንድ ጠለል ላይ ያሉ ትይዩ ያልሆኑ መስመሮች ግን የግድ ይቋረጣሉ። ስለዚህ ወደ መገናኛው ሲቀርብ መንገዱን ሆን ብሎ አጣመመው። ከፍታንም በሚመለከት እንዲሁ አደረገ፤ በአንደኛው በኩል ጣራውን ከፍ፣ በሌላው በኩል ወለሉን ዝቅ አስደረገ። በዘመናችን ሲለካ የከፍታው ልዩነት በጣም አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

ኤውፓሊኖስ ስለ ዘዴው የጻፈው ነገር አልደረሰንም። አቅጣጫውን በምን እንደ ወሰነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ያ መጠምዘዣ ግን በድንጋይ የተጻፈ ምስክር ነው። «ልኬቴ ትክክል ነው» ብሎ በራሱ የተመካ ሰው እንዲህ ያለ መጠምዘዣ አይቆፍርም፤ «ልኬቴ በዚህ ያህል ሊሳሳት ይችላል» ብሎ ያሰበ ሰው ብቻ ነው የሚቆፍረው። ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመታት በኋላ በአገራችን የግልገል ግቤ ሁለት 26 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የውኃ ዋሻ ከሁለቱም ጫፎች በማሽን ሲቆፈር፣ መሐንዲሶቹ የገጠማቸው የመገናኘት ጥያቄ ይኸው ነበር።

አንድ ዓምድ የቀረው ቤተ መቅደስ

ከፓይታጎርዮ በስተምዕራብ በባሕሩ ዳርቻ ሜዳ ላይ የሄራ ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ይገኛል። ዩኔስኮ ሥፍራውን ከፓይታጎርዮ ጋር በ1992 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ታላቁ ቤተ መቅደስ 109 በ55 ሜትር ገደማ ስፋት የነበረው ሲሆን ሳይጠናቀቅ ቀርቷል። ዛሬ የቆመው አንድ ዓምድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከመጀመሪያ ቁመቱ ግማሽ ያህሉ ነው። ከእርሱ በፊት በዚያው የተሠራው ግዙፍ ቤተ መቅደስ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ሊፈርስ የቻለው፣ ረግረጋማው አፈር ክብደቱን አልሸከም በማለቱ ሳይሆን እንዳልቀረ ጥናቱን ያካሄዱ ሊቃውንት ያስረዳሉ። ተከታዮቹ ሠሪዎች አዲሱን ሕንጻ 40 ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ወሰዱት።

በዚህ አካባቢ መሬት የምትጠይቀው ጥንቃቄ ዛሬም አላበቃም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 30 ቀን 2020 ከደሴቲቱ በስተሰሜን በባሕሩ ሥር የተነሣ፣ መጠኑ 7.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ በሳሞስ ሁለት ታዳጊዎችን፣ በቱርኳ የኢዝሚር ከተማ ደግሞ ከመቶ በላይ ሰዎችን ገድሏል። መንስኤው የመሬት ቅርፊት ሲሳብና ሲለጠጥ የሚፈጠር ስንጥቅ ነው፤ ይህም የአገራችንን ስምጥ ሸለቆ ከሚያናውጡት ጋር ዝምድና ያለው ነው።

ስግብግቡን የሚቀጣው ጽዋ

ከደሴቲቱ ምን ይዘን እንመለስ ለሚል ሰው መልሱ የታወቀ ነው። በገበያው ሁሉ፣ በተለይም በሸክላ ሥራቸው በታወቁት የመንደር ሱቆች፣ «የፓይታጎረስ ጽዋ» የሚባል ዕቃ ይሸጣል። በጽዋው መካከል አጭር ምሰሶ ቆሟል። የወይን ጠጁ ከምሰሶው አናት በታች እስከሆነ ድረስ እንደ ማንኛውም ጽዋ ይጠጣበታል። አንድ ጣት አልፎ የቀዳ ግን፣ የጨመረው ብቻ ሳይሆን በጽዋው ውስጥ የነበረው ሁሉ ከሥር ባለው ቀዳዳ ይፈስበታል። በእርግጥ ፓይታጎረስ ለመሥራቱ ጥንታዊ ማስረጃ የለም፤ ባህላዊ ወግ ነው።

አሠራሩን ማወቅ የሚሻ አንባቢ፣ ሾፌሮች ቤንዚን ከበርሜል በጎማ ቱቦ ስበው ሲቀዱ ያየውን ያስታውስ። በምሰሶው ውስጥ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ታች የሚታጠፍ ቀጭን ቱቦ አለ። ፈሳሹ የእጥፋቱን አናት ሲያልፍ ቱቦው ይሞላል፤ በረጅሙ ክንድ በኩል ያለው የፈሳሽ ክብደት በአጭሩ በኩል ካለው ስለሚበልጥ ወደ ታች ይወርዳል፤ የአየር ግፊቱም የተቀረውን እየገፋ ያስከትለዋል። ይህ ሲፎን ይባላል። እኛም ሁለት ጽዋዎች ገዝተናል፤ አንደኛው ዛሬ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ማስተማሪያ ሆኗል።

ግማሽ ጨረቃ በባሕር ዳር

በሳሞስ የሚዋኝባቸው ሥፍራዎች ብዙ ናቸው። በሰሜን በኩል ኮካሪ በተባለችው መንደር አቅራቢያ ያሉት ነጫጭ ጠጠር የለበሱ ዳርቻዎች እጅግ ያማሩ ናቸው። የሰፈረ ጨረቃ የምትታይበት ቀን የገጠመው ሰው ግን ፀሐይ ሳትጠልቅ ከውኃው ይውጣና የአሪስታርኮስን ልኬት ይሞክር።

በ3ኛው ክፍለ ዘመን ቅ.ል.ክ. የኖረው አሪስታርኮስ ያሰበው እንዲህ ነበር፦ ጨረቃ ልክ ግማሽ ሆና ስትታይ፣ በመሬት፣ በጨረቃና በፀሐይ መካከል በሚሠራው ጎነ ሦስት ውስጥ ጨረቃ ላይ ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ከመሬት ሆነን በጨረቃና በፀሐይ መካከል ያለውን ማዕዘን ከለካን፣ ፀሐይ ከጨረቃ ስንት እጥፍ እንደምትርቅ ማወቅ እንችላለን። እርሱ ማዕዘኑን 87 ዲግሪ አድርጎ ወሰደ። በዚህም ፀሐይ ከጨረቃ ከ18 እስከ 20 እጥፍ እንደምትርቅ አሰላ። ትክክለኛው ማዕዘን ግን 89.85 ዲግሪ ገደማ፣ ትክክለኛው ርቀትም 390 እጥፍ ያህል ነው። ከ3 ዲግሪ ያነሰች ስሕተት ውጤቱን ሃያ ጊዜ ያህል አሳነሰችው።

በሦስተኛው ቀን እኛም በወረቀት ማዕዘን መለኪያ ሞከርነው፤ ፀሐይን በቀጥታ ላለማየት በጥላ እየታገዝን። መጀመሪያ 85፣ ቀጥሎ 92 ዲግሪ አገኘን። ሁለተኛው ቁጥር እንዲህ ዓይነት ጎነ ሦስት ፈጽሞ ሊኖር አይችልም ማለት ነው። በዚያች ምሽት ለአሪስታርኮስ ያለን አክብሮት ጨመረ። ምክንያቱም ዘዴው ዛሬም እንከን የለበትም፤ ያነሰው መሣሪያው ነው። ደግሞም ያ የተሳሳተ ቁጥር እንኳ ፀሐይ ከመሬት በብዙ እንደምትበልጥ ለማሳየት በቂ ነበር። መሬት በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር ያስተማረው ይኸው ሰው ነው፤ ይህንንም የነገረን አርኪሜደስ ነው። ኮፐርኒከስ መጽሐፉን ያሳተመው በ1543 እ.ኤ.አ. ነበር።

ስለ ራሳችን ስሕተት

በዚያ ባሕር ዳር ተቀምጠን ያስታወስነውን ሳንናገር ብናልፍ ይከብደናል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለን አዲስ አበባ ውስጥ በፔንዱለም የመሬት ስበትን ፍጥንጥነት እንድንለካ ታዘዝን። ያገኘነው 9.76 ነበር። የመማሪያ መጽሐፉ 9.81 ይላልና ሌሊቱን ቁጥሮቹን አስተካክለን 9.81 አድርገን አስረከብን። ጥሩ ነጥብም አገኘንበት። ከዓመታት በኋላ በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር የጥናት አማካሪያችን አንድ ሪፖርታችንን መለሱልንና፣ «ስሕተትህን የት አስቀመጥኸው?» ብለው ጠየቁን። ያን ጊዜ ነበር የአዲስ አበባውን ነገር ተመልሰን ያሰላነው። ከተማችን ከምድር ወገብ ቅርብና ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ፣ በዚያ ያለው ፍጥንጥነት 9.77 ገደማ ነው። ልኬታችን እውነት ነበር! ከመጽሐፉ ጋር እንዲስማማ ብለን የደለዝነው ትክክለኛውን ነበር።

ዛሬ አስተማሪ ሆነን ስናርም ያው የተስተካከለ 9.81 በየዓመቱ ይመጣልናል። ተማሪዎቻችንን አንወቅስም፤ ስሕተትን እንዲደብቁ ያስተማርናቸው እኛው፣ የምንሰጠው ነጥብ ነውና። ከሳሞስ ከተመለስን ወዲህ ግን በቤተ ሙከራችን ነጥብ የምንሰጠው ለቁጥሩ ሳይሆን ከቁጥሩ አጠገብ ለተጻፈው የስሕተት ግምትና ለምክንያቱ ሆኗል።

ለሚጓዙ

ሳሞስ ከአቴንስ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከፒሬየስ ወደብ በመርከብ ደግሞ ግማሽ ቀን ያህል ያስኬዳል። በአውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ቅርብ ናት፤ ከአገር ቤት የሚነሣ ግን የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ሙቀቱና ነፋሱ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ ግንቦት ወይም መስከረም ይመረጣል። ዋሻው የሚከፈትበትን ቀን አስቀድሞ ማጣራት፣ የተዘጋ ሥፍራ የሚያስጨንቀውም ሰው ከመግባቱ በፊት ማሰብ ይገባዋል። ጣፋጩን የሙስካት ወይን ጠጅ የሚቀምስ ደግሞ በፓይታጎረስ ጽዋ ይቅመሰው፤ መጠኑን ያውቃልና።