የሚያዳምጡ አያቶች

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። እውነት ነው። ቁስል ይታያል። ትኩሳትም በእጅ ሲነኩት ይታወቃል። የሐሳብ በሽታ ግን አይታይም። እንቅልፍ ያጣውን፣ ምግብ ያስጠላውን፣ ከሰው የራቀውን ጎረቤታችንን «ምን ሆነሃል?» ብንለው «ምንም አልሆንኩም» ይለናል። ታዲያ ይህን ሰው ማን ይስማው?

ስለዚሁ ጉዳይ ከዚምባብዌ የተገኘ አንድ ታሪክ እናውጋችሁ። ዚምባብዌ በአፍሪካ ደቡባዊ ክፍል የምትገኝ አገር ናት።

ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የአእምሮ ሐኪም ናቸው። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የአእምሮ ሐኪሞች በጣም ጥቂት ነበሩ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2005 አንዲት የ26 ዓመት ታካሚያቸው ሕመሟ ጠናባት። እናቷ ወደ ሐኪም ቤት ሊያመጧት ፈለጉ። ነገር ግን ለአውቶቡስ 15 ዶላር አጡ። ልጅቱ በገዛ እጇ ሕይወቷን አጠፋች።

ሐኪሙ እጅግ አዘኑ። በሽተኛው ወደ ሐኪም ቤት መምጣት ካልቻለ፣ ሕክምናው ወደ ሰፈር መሄድ እንዳለበት ተረዱ።

ግን በምን ገንዘብ? በማን ጉልበት? በሐራሬ ከተማ ምባሬ የሚባል የድሃ ሰፈር አለ። እዚያ የተገኙት ሠራተኞች 14 አያቶች ብቻ ነበሩ። ክፍልም አልተገኘም። ስለዚህ ሥራው በጤና ጣቢያው ደጅ፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጀመረ።

በመጀመሪያ ወንበሩ «የአእምሮ ጤና ወንበር» ተባለ። ሰው ግን ሸሸው። እብድ መባልን ማን ይወዳል? ስሙ ይቀየር ያሉት አያቶቹ ናቸው። «የወዳጅነት ወንበር» ተባለ። ያን ጊዜ ሰው መምጣት ጀመረ።

እነዚህ ሠልጣኞች ብዙ የተማሩ አልነበሩም። ልጅ አሳድገዋል፤ ችግርን ያውቃሉ፤ ሐዘንም አይተዋል። የሰፈሩን ሰውና ቋንቋውን ያውቃሉ። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ብቻውን ግን አይበቃም። ስለዚህ ሥልጠና ገቡ።

ምን ተማሩ? ከሁሉ በፊት ማዳመጥን ተማሩ። ሽማግሌ ሰው መምከር ይቀናዋል። «ቻይው፣ ይህም ያልፋል» ማለት ለምዷል። በወንበሩ ላይ ግን አያቲቱ አይፈርዱም፤ አያዙም። ይሰማሉ።

ለምሳሌ አንዲት ሴት መጣች እንበል። አያቲቱ በቅድሚያ 14 ጥያቄዎች ይጠይቋታል። እንቅልፍ አለሽ ወይ? ታለቅሻለሽ ወይ? ሆድሽን ያምሻል ወይ? ሐሳብ በዝቶብሻል ወይ? መሞት ያምርሻል ወይ?

ከዚያ «እስቲ ልጄ፣ አጫውቺኝ» ይሏታል። ባሏ ታሟል። ለልጆቿ የትምህርት ቤት ገንዘብ የላትም። አያቲቱ የሚያዩት ራስ ምታቷን ብቻ አይደለም። ቤቷን፣ ልጆቿን፣ ኪሷን፣ አካሏንም ያያሉ። ሰው አንድ ሙሉ ነገር ነውና።

ቀጥሎ «ከችግሮችሽ የትኛው ይቅደም?» ብለው ይጠይቋታል። የምትመርጠው እሷ ናት። የትምህርት ቤቱን ገንዘብ መረጠች እንበል። ጥቂት በጥቂት እንድትከፍል አስተማሪዎቹን ለመጠየቅ ታስባለች። በሳምንቱ ተመልሳ የሆነውን ትናገራለች። እስከ 6 ጊዜ እንዲህ ይገናኛሉ። ከዚያ በኋላ መሰሎቿ ወዳሉበት ማኅበር ትገባለች። እዚያ ቦርሳ እየሠሩ ይሸጣሉ፤ እየሠሩም ይጨዋወታሉ።

ይህ ሥራ ጥቅሙ ተመዝኗል። ውጤቱ በ2016 ታትሟል። በጥናቱ 573 ሰዎች ነበሩ። ከ6 ወር በኋላ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ከ100ው 50 ያህሉ ድባቴው አልለቀቃቸውም። ከአያቶቹ ጋር ከተቀመጡት ግን 14 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሥራው ከዚያ ወዲህ ወደ ማላዊ፣ ወደ ዛንዚባር፣ እስከ ኒው ዮርክም ደርሷል።

እኛም ቡና እናፈላለን። ዕድር አለን። ሰው የሚሰሙ አረጋውያንም አሉን። ግን አንድ ነገር እንወቅ። አያቶቹ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ወደ ሐኪም ይልካሉ። እኛም «መሞት ይሻለኛል» የሚል ሰው ስናገኝ አንቆጣው፤ ብቻውንም አንተወው። ወደ ጤና ጣቢያ አብረነው እንሂድ።

እስቲ እንወያይ፦
1. ወንበሩ ስሙ ለምን ተቀየረ?
2. አያቲቱ ችግሩን ራሳቸው ከመምረጥ ይልቅ ሴትዮዋን ለምን ጠየቋት?
3. በሰፈራችሁ ሐሳብ የያዘው ሰው ማን ዘንድ ይሄዳል?