የተቀበረው ዘንግ ብቻውን አያድንም፦ የመኖሪያ ቤት የኤሌክትሪክ መስመር ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ሥርዓት



በዛሬው ገለጻዬ አንድ ጥያቄ አነሣለሁ። በኤሌክትሪክ ምጣድ ውስጥ የፌዝ ሽቦው ልባስ ተልጦ የብረት አካሉን ቢነካ፣ ብሬከሩን የሚያስወርደው ምንድን ነው? በክፍል ውስጥ ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «በግቢው የተቀበረው የኧርዝ ዘንግ» የሚል ነው። ይህ መልስ ስሕተት መሆኑን ቀላል ስሌት ያሳየናል።

ዘንጉ ከአፈሩ ጋር ያለው ሬዚስታንስ 25 ኦም ነው እንበል። የእኛን 220 ቮልት ለ25 ብናካፍል የሚፈስሰው ጅረት ቢበዛ 8.8 አምፔር ነው። ባለ 16 አምፔር ብሬከር ይህን ከተራ ጭነት ስለማይለየው አይወርድም። የምጣዱም አካል ለ220 በቀረበ ቮልቴጅ ላይ ይቆያል፤ የሚነካውም ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

25 ኦምን የመረጥሁት በምክንያት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ በአንቀጽ 250 የሚቀበረው ዘንግ ቢያንስ 2.44 ሜትሩ አፈር እንዲነካ፣ የአንዱ ዘንግ ሬዚስታንስ ከ25 ኦም ከበለጠም ቢያንስ 1.83 ሜትር ርቆ ሌላ እንዲጨመር ያዝዛል። ሆኖም ይኸው ኮድ መሬት አስተማማኝ የብልሽት ጅረት መመለሻ ተደርጋ እንዳትቆጠር ይደነግጋል። የዘንጉ ተግባር መብረቅ ወይም ከከፍተኛ ቮልቴጅ መስመር ጋር የሚፈጠር ንክኪ የሚያስከትለውን ቮልቴጅ መገደብ፣ የመስመሩንም ቮልቴጅ ከመሬት አንጻር ማረጋጋት ነው።

ብሬከሩን የሚያስወርደው ከዕቃው አካል ወደ ዋናው የብሬከር ሳጥን የሚመለሰው የመሬት ሽቦ ነው፤ በዚያም ሽቦውን ከኑዩትራል ጋር የሚያስተሳስረው ማያያዣ መኖር አለበት። የዙሩ ጠቅላላ ሬዚስታንስ 1 ኦም ቢሆን 220 አምፔር ይፈስሳል፤ የተለመደው የቤት ብሬከርም በቅጽበት ይወርዳል። ይህ ትስስር በመስመሩ መግቢያ ብቻ እንጂ ከዚያ ወዲያ መደገም የለበትም። በሶኬት ወይም በንዑስ ሳጥን ቢደገም በኑዩትራል ሊመለስ የሚገባው ጅረት በከፊል በመሬት ሽቦው ይሄዳል፤ ኑዩትራሉ ቢበጠስ ደግሞ የዕቃዎቹ አካል ለነዋሪው አደገኛ ሊሆን ይችላል።

የቤቱ ኧርዝ ከኑዩትራል ጋር በማይተሳሰርበት፣ በዘንግ ላይ ብቻ በሚመካ አሠራር ግን ተራ ብሬከር አይበቃም። በዚያ የሚያስፈልገው የሚወጣውንና የሚመለሰውን ጅረት እያነጻጸረ፣ 30 ሚሊአምፔር ልዩነት ሲያገኝ መስመሩን የሚቆርጠው አርሲዲ ነው። ለተራው ብሬከር ያነሰው 8.8 አምፔር ከዚህ መጠን ከ290 እጥፍ በላይ ነው።

ስለዚህ ቤት ስትመረምሩ ዘንግ መቀበሩን በማየት ብቻ አትርኩ። የብልሽቱ ጅረት በየት እንደሚመለስና መስመሩን ምን እንደሚቆርጠው አረጋግጡ።