በስልክ ቤት የሚገባ አሠልጣኝ

የሁለት ዓመት ልጅ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ የሚፈልገውን በጣቱ የማያሳይ፣ የጀመራቸውንም ቃላት እየተወ የሚሄድ ከሆነ ዘመድ «ወንድ ልጅ አፉን የሚፈታው ቆይቶ ነው» እያለ ያጽናናል። ማጽናናቱ ከፍቅር ነው፤ ጊዜ ግን ይበላል። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ኮሎምበስ ለሚኖር ወላጅ ደግሞ ጊዜ ትልቅ ነገር ነው። በኦሃዮ ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላው እድገቱ ካሳሰበው፣ ወላጁ የሐኪም ደብዳቤ ሳይጠብቅ ራሱ ደውሎ «ኧርሊ ኢንተርቬንሽን» የሚባለውን አገልግሎት መጠየቅ ይችላል። ግምገማው በነፃ ነው። ከጥያቄው ቀን አንስቶ በ45 ቀን ውስጥ ልጁ ተገምግሞ፣ አገልግሎቱ የሚገባው ከሆነ ከቤተሰቡ ጋር የዕቅድ ስብሰባ መደረግ እንዳለበት የፌዴራሉ ሕግ ያዝዛል።

ቀድሞ የአገልግሎቱ ባለሙያ ቤት ድረስ ትመጣ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. ኮሮና ሲገባ ጉብኝቱ ወደ ቪዲዮ ጥሪ ዞረ፤ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ይህ መንገድ አልተዘጋም። ብዙ ወላጅ «አንድ ቦታ የማይቀመጥ ልጅ በስልክ ምን ይማራል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እዚህ ተማሪው ልጁ ሳይሆን ወላጁ ነው።

ስልኩ መደርደሪያ ላይ ይቆማል፣ እናት ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች፣ እንደ ወትሮዋ ከልጇ ጋር ትጫወታለች። አሠልጣኟ እያየች «አሁን ዝም ብለሽ ጠብቂው፤ እስኪያይሽ ኳሷን አትስጪው» ትላለች። ልጁ ስልኩን ካየ የማይረጋጋ ከሆነ እናትየው አጭር ቪዲዮ ቀርጻ ትልካለች፤ በኋላ አብረው ይመለከቱታል።

ልጁ ጠዋት ጠዋት ጫማ ሲደረግለት ይጮኻል እንበል። አሠልጣኟ ስለ ጫማው ብዙ አትናገርም። ከጩኸቱ በፊት ምን ነበር? ልጁ ምን አደረገ? ከዚያስ ምን ተከተለ? ትላለች። ካርቱኑ ድንገት ተዘግቶ ነበር፤ ሲጮኽ ተመልሶ ተከፈተለት። ልጁ ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ መጮኽ ካርቱን እንደሚመልስ ተምሮ ነው። ስለዚህ እናትየው የካርቱን፣ የጫማና የመኪና ሥዕል በተርታ ግድግዳ ላይ ትለጥፋለች፣ ካርቱኑ ከመዘጋቱ በፊት ሥዕሉን ታሳየዋለች፣ አንዱን እግር ብቻ እንኳ ቢያደርግ ወዲያው ታመሰግነዋለች። «ትንሽ ቆይ» ለማለት የሚጠቀምበትን የእጅ ምልክትም ታስተምረዋለች። ልጁን በቀን የምትይዘው አያት ከሆነች እሷም ስልኩ ፊት መቀመጥ አለባት፤ እናት የምትከለክለውን አያት የምትፈቅድ ከሆነ ትምህርቱ ይፈርሳል።

ይህ ዓይነቱ የወላጅ ሥልጠና በተፈተነበት ትልቅ ጥናት ኮሎምበስም ድርሻ አላት። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናቱ ከተካሄደባቸው ስድስት ቦታዎች አንዱ ነበር። ኦቲዝም ያለባቸው፣ ከ3 እስከ 7 ዓመት የሆናቸው 180 ልጆች ለሁለት ተከፍለው፣ የግማሾቹ ወላጆች ለ24 ሳምንት ይህን ዘዴ ሠለጠኑ፤ የሌሎቹ ስለ ኦቲዝም ዕውቀት ብቻ ተሰጣቸው። በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት፣ ማን የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳለ ያላወቁ ገምጋሚዎች ከሠለጠኑት ወላጆች ልጆች 68.5 በመቶው፣ ከሌሎቹ 39.6 በመቶው እንደተሻላቸው መዝግበዋል። ያ ሥልጠና የተሰጠው ፊት ለፊት ነበር፤ በኋላ በቪዲዮ ሲሞከርም ከጥቂቶቹ ተሳታፊ ቤተሰቦች አብዛኞቹ እስከ መጨረሻው ዘልቀዋል።

እንግዲህ ተማሪው ወላጅ ከሆነ፣ ወላጁ አጥርቶ የሚሰማው ቋንቋ ወሳኝ ነው። አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው፤ የቪዲዮ ጥሪ ደግሞ አስተርጓሚውን ከየትም ከተማ ያስገባል። ታላቅ ወንድም ወይም እህት እንዲያስተረጉሙ ማድረግ ግን ስህተት ነው፤ ልጅ ይህን ሸክም መሸከም የለበትም። «ግራ እንዳይገባው አማርኛውን ተዉት» የሚል ምክርም አትቀበሉ። ሁለት ቋንቋ መስማት ኦቲዝም ያለበትን ልጅ እንደሚጎዳ ጥናቶች አላሳዩም፤ አማርኛው ሲቀር የሚቀረው ከአያቱ ጋር ያለው ግንኙነት ነው።

አገር ቤትም ባዶ አይደለም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፍተው፣ የተደበቁ ልጆች ከጓዳ እንዲወጡ እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ሠርተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል፤ ድርጅቱ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ሥልጠናውን በኢንተርኔት በነፃ ያቀርባል።

ስልክ ሁሉን አይችልም። የመስማት ምርመራ ፊት ለፊት ነው፤ ራሱን የሚጎዳ ልጅም በአካል የሚያየው ባለሙያ ያስፈልገዋል። ልጁ ሦስት ዓመት ሲሞላው ደግሞ የኧርሊ ኢንተርቬንሽን አገልግሎቱ ያበቃና ጉዳዩ ወደ አካባቢው ትምህርት ቤቶች አስተዳደር ይዛወራል። ስለዚህ ልደቱን አትጠብቁ። ዛሬ ደውሉ፤ ስልኩ ሲነሣም በመጀመሪያ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ።