ቢጫው ቀስት እስከ ሳንቲያጎ

በስፔን ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ዝናብ በማይለየው በጋሊሲያ ምድር፣ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች አብዛኞቹ በእግር፣ ሌሎቹም በብስክሌት እየተጓዙ ገብተውባታል። ሁሉም የሚያቀኑት የሐዋርያው የያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ መቃብር ይገኝበታል ወደሚባለው ካቴድራል ነው። ጉዞውን በአጭሩ «ካሚኖ» ይሉታል። ከፖርቱጋል፣ ከሴቪያ፣ ከሰሜኑ የባሕር ዳርቻም የሚነሱ መንገዶች አሉ፤ ከሁሉ ስመ ጥሩው ግን «የፈረንሳይ መንገድ» የሚባለው ነው። ሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር ከምትባል የፈረንሳይ ትንሽ ከተማ ተነስቶ የፒሬኔ ተራሮችን ይሻገርና ሰሜን ስፔንን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያቋርጣል። ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ብዙው ሰው ከአንድ ወር በጥቂት ቀናት ያለፈ ጊዜ ይፈጅበታል።

ሐዋርያው ያዕቆብ በኢየሩሳሌም በሄሮድስ ሰይፍ መገደሉን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 ይናገራል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንም ሚያዝያ 17 ቀን ታስበዋለች። የስፔናውያን ትውፊት ታሪኩን ከዚያ ይቀጥላል፦ ደቀ መዛሙርቱ አስከሬኑን በጀልባ አድርገው ወደ ጋሊሲያ አመጡት፣ በዚያም ቀበሩት። ከዚያ ለብዙ መቶ ዓመታት ተረስቶ ኖረ። በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፔላዮ የሚባል ባሕታዊ በጫካ ውስጥ ብርሃን አየ፤ ጳጳሱ ቴዎዶሚሮም በስፍራው መቃብሩን አገኘ። የአስቱሪያስ ንጉሥ ዳግማዊ አልፎንሶ ዜናውን ሲሰማ ከኦቪየዶ ተነስቶ ሊሳለም መጣ፤ የመጀመሪያው ተሳላሚ የሚባለው እሱ ነው። አጽሙ በእርግጥ የሐዋርያው ነው ወይ በሚለው ላይ የታሪክ ተመራማሪዎች ሲከራከሩ ኖረዋል። የሮማ ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1884 በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ ደብዳቤ እውነተኛነቱን አጽድቃለች።

ሰዉን ከየአገሩ የጠራው መቃብሩ ነው። መንገዱን መንገድ ያደረጉት ግን በየመንደሩ ድልድይ የሠሩ፣ በር የከፈቱና የተጓዥ እግር ያጠቡ ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ በ11ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ዶሚንጎ ነው። የአካባቢው ገዳማት አንቀበልህም ስላሉት በኦኻ ወንዝ ዳር ብቻውን ይኖር ጀመር። ተጓዦች በጫካውና በጎርፉ ሲቸገሩ አየና ዛፉን መንጥሮ መንገዱን በድንጋይ አነጠፈ፤ በወንዙ ላይ ድልድይ፣ አጠገቡም የእንግዳ ማረፊያ ሠራ። ከተማዋ ዛሬም በስሙ ሳንቶ ዶሚንጎ ደ ላ ካልሳዳ ትባላለች። በካቴድራሏ ውስጥ፣ ከፍ ብሎ በተሠራ ያጌጠ ቆጥ ላይ፣ በሕይወት ያሉ ነጭ አውራ ዶሮና ነጭ ሴት ዶሮ ይታያሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በሐሰት ሌባ ተብሎ የተሰቀለ ወጣት ተሳላሚ ወላጆቹ ከሳንቲያጎ ሲመለሱ በሕይወት አገኙት። ለዳኛው ሲነግሩት፣ «ልጃችሁ የሚኖረው እነዚህ የተጠበሱ ዶሮዎች ከተነሡ ነው» አለ፤ ወዲያው ዶሮዎቹ ከገበታው ላይ ተነሥተው ጮኹ ይባላል። ቅዳሴ መካከል አውራ ዶሮው ሲጮህ የሰማ ተጓዥ መልካም ምልክት አድርጎ ይወስደዋል።

በ12ኛው ክፍለ ዘመን ለተጓዦች መመሪያ እስከ መጻፍ ተደርሶ ነበር። የቱ ወንዝ ውሃው እንደሚጠጣ፣ የቱ እንደሚጎዳ፣ የየአገሩ ሰው ጠባይ ምን እንደሚመስል የሚዘረዝረው ይህ መመሪያ ኮዴክስ ካሊክስቲነስ በተባለው የብራና መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። በኋላ ግን ወረርሽኙ፣ ጦርነቱና በአውሮፓ የተነሣው የሃይማኖት መከፋፈል መንገዱን አዳከሙት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በካቴድራሉ የሚመዘገበው ተጓዥ በዓመት ሺህ እንኳ አይሞላም ነበር።

መንገዱ ዳግም ነፍስ የዘራው በአንድ የገጠር ቄስ ትጋት ነው። አባ ኤልያስ ቫሊኛ በጋሊሲያ መግቢያ፣ 1,300 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው ኦ ሴብሬይሮ መንደር ያገለግሉ ነበር። የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በዚሁ መንገድ ላይ ነው። የቀድሞውን ዱካ ከሰነድና ከገበሬ አፍ እየለቀሙ ካወቁት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ለአውራ ጎዳና ማቅለሚያ ከተዘጋጀ ቀለም የተረፈውን ቢጫ ቀለም በመኪናቸው ጭነው ወጡ። መንታ መንገድ ባለበት ሁሉ፣ በዛፍ ግንድ፣ በአጥር ድንጋይ፣ በጎተራ ግድግዳ ላይ ቀስት ይሥሉ ጀመር። በፒሬኔ ተራሮች ፖሊሶች አስቁመው ምን እንደሚሠሩ ቢጠይቋቸው፣ «ከፈረንሳይ ለሚመጣ ታላቅ ወረራ እየተዘጋጀሁ ነው» ብለው መመለሳቸው ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1989 ዐረፉ፤ የመጣውን ሕዝብ ብዛት አላዩም። ዛሬ ያ ቢጫ ቀስት ከሊዝበን እስከ ፒሬኔ ያለውን ተጓዥ ሁሉ ይመራል። ካርታ ያልያዘ ሰው እንኳ ቀስቱን ብቻ እየተከተለ ሳንቲያጎ ይደርሳል።

መንገዱ እንደ አገሩ ይለዋወጣል። የመጀመሪያው ቀን ከሁሉም ይከብዳል፤ ከ1,400 ሜትር በላይ ወደሆነ ከፍታ ወጥቶ ወደ ሮንሴስቫዬስ ገዳም መውረድ ነው፣ በክረምትም የተራራው መንገድ በበረዶ ምክንያት ይዘጋል። ከፓምፕሎና በኋላ የወይን እርሻው ይቀጥላል። ከቡርጎስ እስከ ሊዮን ያለው ሜሴታ የሚባለው አምባ ደግሞ የስንዴ አገር ነው፤ ከካሪዮን ደ ሎስ ኮንዴስ የወጣ ሰው 17 ኪሎ ሜትር ያህል አንድም መንደር ሳያገኝ በጥንቱ የሮማውያን መንገድ ላይ ይሄዳል። ጥላ የለም፤ ውሃ መያዝ ግድ ነው። ይህን ክፍል በአውቶቡስ የሚዘሉት ብዙ ናቸው። ሆኖም ጸጥታ ፈልጎ ለወጣ ሰው ከመንገዱ ሁሉ ያለ ወሬና ያለ ሁካታ መጸለይ የሚቻለው እዚህ ነው፤ መዝለሉ ያስቆጫል። ከአስቶርጋ በላይ በረጅም ምሰሶ ላይ የቆመ የብረት መስቀል አለ። ተጓዦች ከየቤታቸው ይዘው የመጡትን ጠጠር ከሥሩ ያኖራሉ፤ አንዳንዱ ጠጠር ላይ የሞተ ዘመድ ስም ተጽፎበታል።

የቀኑ ሥርዓት ቀላል ነው። ማልዶ መነሣት፣ ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር መሄድ፣ ከሰዓት በኋላ አልቤርጌ ወደሚባለው የተጓዦች ማረፊያ መግባት። ጫማ በር ላይ ካለው መደርደሪያ ይቀመጣል። አስተናጋጁ «ክሬደንሲያል» የሚባለውን የተጓዥ መታወቂያ ተቀብሎ ማኅተም ይመታበትና ቀኑን ይጽፍበታል፤ ከዚያ ተደራራቢ አልጋ ያሳያል። ልብስ ይታጠባል፣ ውሃ የቋጠረ እግር ይታከማል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በር ይዘጋል፣ ጠዋት እስከ 2 ሰዓት ሁሉም ለቆ ይወጣል።

ከሳንቶ ዶሚንጎ አልፎ በምትገኘው ግራኞን መንደር የማረፊያው አደራረግ ለየት ይላል። ተጓዥ የሚተኛው ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር በተያያዘው ቤት፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነው። ዋጋ አይጠየቅም። እራቱን ተጓዦቹ ራሳቸው ሽንኩርት እየከተፉ አብረው ያበስላሉ፣ በአንድ ገበታ ይበላሉ፣ ማታ በቤተ ክርስቲያኑ ተሰብስበው ይጸልያሉ። የገንዘብ ሣጥኑ ክዳን ክፍት ነው፤ የቻለ የቻለውን እንዲያስቀምጥ፣ የቸገረው ደግሞ የሚያስፈልገውን እንዲወስድ የሚል ጽሑፍ አለበት። አገልጋዮቹ ብዙ ጊዜ ራሳቸው መንገዱን የሄዱና ዕረፍታቸውን ያለ ደመወዝ ሊያገለግሉ የመጡ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የካሚኖን ልብ ማየት የሚፈልግ ሰው ከካቴድራሉ ወርቅ ይልቅ ይህን ሣጥን ቢያይ ይሻላል።

ሳንቲያጎ የደረሰ ተጓዥ መታወቂያውን ለተጓዦች ጽሕፈት ቤት ያቀርባል። ቢያንስ የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር በእግር ወይም 200 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ለመጓዙ ማኅተሞቹ ከመሰከሩለት፣ ስሙ በላቲን የተጻፈበት «ኮምፖስቴላ» የሚባል ወረቀት ይሰጠዋል። ከዚያ ቅዳሴ ነው። በታላላቅ በዓላት ቦታፉሜይሮ የሚባለው ግዙፍ ጽና ይወዛወዛል። 53 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ስምንት ሰዎች በገመድ እየሳቡ ወደ ጣሪያው ይሰዱታል፣ የዕጣኑን ጢስ እያጎነ ከሕዝቡ ራስ በላይ በሰዓት እስከ 68 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይበራል።

ሕዝቡ ሲበዛ ችግርም መጥቷል። ለወረቀቱ የሚፈለገውን ርቀት ብቻ ለመሄድ ከሳሪያ ከተማ የሚነሳው እጅግ ብዙ ስለሆነ፣ በበጋ ወራት የመጨረሻው 115 ኪሎ ሜትር ይጨናነቃል፣ አልጋም ይጠፋል። አጭሩን የሄደ ሰው አይነቀፍም፤ የሥራ ፈቃዱ ወይም ጉልበቱ የፈቀደለት ያንን ያህል ይሆናል። ነገር ግን ጊዜ ያለው ሰው ከሩቅ ቢነሳ የመንገዱን ሰዎች ያገኛል። በአውሮፓ ያላችሁ አንባቢዎች ለመሄድ ካሰባችሁ ሚያዝያ፣ ግንቦት ወይም መስከረም ይመረጣል፤ የጀርባ ቦርሳችሁ ከሰውነታችሁ ክብደት ከአንድ አሥረኛ ባይበልጥ፣ ጫማችሁም አስቀድሞ የተለማመዳችሁት ቢሆን መልካም ነው። በስፔን የሚከበረው የሐዋርያው በዓል ሐምሌ 18 ቀን እሑድ ሲውል ዓመቱ ቅዱስ ዓመት ይባላል፣ የካቴድራሉ ቅዱስ በርም ይከፈታል፤ ቀጣዩ እ.ኤ.አ. 2027 ነው፣ ማረፊያ ከወዲሁ ያዙ።