«የጥሪ ልማድ» ወይስ «የጥሪ ውል»?

የኮምፒዩተር ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ «ኮሊንግ ኮንቬንሽን» ከሚለው ስያሜ ጋር መገናኘቱ አይቀርም። «ኮንቬንሽን» እንደ አገባቡ ልማድ፣ ስምምነት ወይም ጉባኤ ተብሎ ሊፈታ ስለሚችል፣ «የጥሪ ልማድ» የሚለው አቻ በቀላሉ ወደ ብዕር ይመጣል። እኛ ግን ይህ አቻ ፅንሰ ሐሳቡን ያዛባል እንላለን። ምክንያቱን ለማስረዳት አስቀድመን ነገሩን ራሱን እንመርምር።

በሲ ቋንቋ የተጻፈ ላይብረሪ በአጠናቃሪ አማካይነት ወደ ማሽን ቋንቋ ይለወጣል። ከተለወጠ በኋላ እያንዳንዱ ተግባር ስንት ግብዓት እንደሚቀበልና ምን ዓይነት ምላሽ እንደሚሰጥ የሚናገረው የምንጭ ጽሑፍ እንደ ደንቡ አብሮት አይሄድም፤ ከውጭ ለሚመጣ ጠሪ የሚታየው የተግባሩ ስምና አድራሻው ነው። ፓይተን የተባለው የስክሪፕት ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው 2.5 እትሙ «ሲታይፕስ» የሚባለውን ክፍል በመደበኛ ላይብረሪው ውስጥ አካትቷል። በዚህ መሣሪያ የፓይተን ጸሐፊ የተጠናቀረውን ላይብረሪ ከፍቶ በውስጡ ያለውን ተግባር በስሙ ይጠራል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የፋይሉ ስም ቅጥያ በዊንዶውስ «ዲኤልኤል»፣ በሊኑክስ «ኤስኦ»፣ በማክኦኤስ «ዲላይብ» መሆኑ የውጭ ልዩነት ነው። የውስጡ ልዩነት ግን ይከብዳል። በ64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ ዊንዶውስ የመጀመሪያዎቹን 4 የኢንቲጀር ግብዓቶች በሬጂስተር ሲያስተላልፍ፣ ሊኑክስ 6 ያስተላልፋል። እንደዚሁም «ሎንግ» የሚባለው የሲ ዓይነት በ64 ቢት ዊንዶውስ 4 ባይት ሲሆን፣ በ64 ቢት ሊኑክስና ማክኦኤስ 8 ባይት ነው። በመሆኑም «ሎንግ»ን «ረጅም ቁጥር» ብሎ መተርጎም አንባቢን ያሳስታል፤ ስሙን እንዳለ ወስዶ መጠኑን መግለጽ ይሻላል።

ጠሪው የምላሹን ዓይነት ሳይገልጽ ቢቀር ሲታይፕስ ምላሹን «ኢንት» ነው ብሎ ይወስዳል። ኢንት በእነዚህ ሥርዓቶች 4 ባይት ነው፤ የማኅደረ ትውስታ አድራሻ ግን በ64 ቢት ሥርዓት 8 ባይት ይይዛል። ስለዚህ ተግባሩ አድራሻ ቢመልስ ግማሹ ተቆርጦ ይቀራል። ፕሮግራሙ ወዲያው ሊወድቅ ይችላል፤ የተቆረጠው ክፍል ባዶ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ለጊዜው ደኅና መስሎ ይሠራል። በመካከል ቆሞ «ተሳስታችኋል» የሚል ዳኛ የለም።

እንግዲህ ይህን «ልማድ» ማለት ይገባልን? ልማድን የተላለፈ ሰው ቢነቀፍ እንጂ ሥራው አይፈርስበትም። «ስምምነት»ም ቢሆን መስማማትን እንጂ የተስማሙበትን አሳሪ ቃል ለይቶ አያመለክትም። «ውል» ግን ሁለቱንም ወገን ያስራል፤ አንዱ ቢያፈርሰው ጉዳቱ ለሁለቱም ይተርፋል። ከዚህም በላይ አማርኛ የፈትሉን ጫፍ «ውል» ይለዋል፤ ውሉ የጠፋበት ልቃቂት እንደማይተረተር ሁሉ፣ የጥሪ ውሉ የጠፋበት ፕሮግራምም ስሕተቱ ከየት እንደ ጀመረ ለማግኘት ያስቸግራል።

አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። ከ«ጠሪ» ጎን «ተጠሪ» ማለት በሰዋስው ረገድ ትክክል ነው፤ ነገር ግን «ተጠሪ» ወኪል ወይም ኀላፊ በሚል ፍች ስለ ጸና፣ ብቻውን ሲቆም ያደናግራል። ስለዚህ «ተጠሪ ተግባር» ተብሎ ከስም ጋር ይነገር።

በዚህ መሠረት የሚከተሉትን ስያሜዎች ለውይይት እናቀርባለን።

የጥሪ ውል፦ ጠሪው ፕሮግራምና ተጠሪው ተግባር ግብዓትንና ምላሽን በየትኛው ሥፍራና በምን ቅደም ተከተል እንደሚለዋወጡ የሚወስን ደንብ።

የማሽን ደረጃ ውል፦ የጥሪ ውልን፣ የዓይነቶችን መጠንና በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያላቸውን አቀማመጥ አጠቃልሎ የያዘ ሰፊው ደንብ።

ተጠሪ ተግባር፦ በላይብረሪው ውስጥ ሆኖ ጥሪውን የሚቀበል ተግባር።

ሦስቱ ተለይተው ካልተቀመጡ መመሪያውን በአማርኛ የሚያነብ ባለሙያ ውሉን እንደ ልማድ ቆጥሮ ሊያልፈው ይችላል።