ውክልና ከማረጋገጥ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

በወላይታ ዞን ዲምቱ ከተማ የሚኖር ባለንብረት በአዲስ አበባ ያለውን ቤት ዘመዱ እንዲሸጥለት ሲፈልግ በቅድሚያ የሚያስፈልገው የተረጋገጠ የውክልና ሰነድ ነው። የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 922/2008፣ ውክልና መስጫም ሆነ መሻሪያ ሰነድ ካልተረጋገጠና ካልተመዘገበ ሕጋዊ ውጤት እንደማይኖረው ይደነግጋል።

ይሁን እንጂ ማኅተም ያረፈበት ውክልና ሁሉ ቤት ለመሸጥ አያበቃም። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2204 ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ለመፈጸም ብቻ እንደሚያስችል ይገልጻል። ንብረትን መጠበቅ፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ማከራየት፣ ከባለዕዳ ገንዘብ መሰብሰብና ዕዳ መክፈል ከእነዚህ ይቆጠራሉ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት፣ ለመታረቅ፣ ስጦታ ለማድረግ፣ እንዲሁም ለመክሰስና ተከስሶ ለመከራከር በቁጥር 2206 መሠረት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። በመሆኑም የሚሸጠው ቤትና ለተወካዩ የሚሰጠው ሥልጣን በሰነዱ ላይ በግልጽ ሊሰፍሩ ይገባል።

ሰነዱ የሚረጋገጥበት ቦታም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። የፌዴራሉ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ከተሞች ሲሆን፣ በክልሎች ተግባሩን የሚያከናውነው በየክልሉ ሕግ ሥልጣን የተሰጠው አካል ነው። ወካዩ በውጭ አገር የሚኖር ከሆነ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ሊስተናገድ ይችላል።

በኢንተርኔት ቅጽ መሙላትና ቀጠሮ መያዝ ጊዜን ይቆጥባል እንጂ በራሱ ሰነድን ማረጋገጥ አይደለም። የማንነት፣ የባለቤትነትና የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃዎች ዋናቸው ተሟልቶ መቅረብ አለበት። በመታወቂያና በይዞታ ማረጋገጫ ካርታ ላይ ያለው ስም የተለያየ ከሆነ ከቀጠሮው ቀን በፊት እንዲስተካከል ማድረግ ይመከራል። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ወይም ዓይነ ስውራን የሆኑ ሰዎችን በተመለከተ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1728 የጣት አሻራቸው በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ እንደማያስገድዳቸው ይደነግጋል።

ሰነዱ ተረጋግጦ ከቀረበ በኋላም ተቀባዩ የመንግሥት ሠራተኛ ሦስት ነጥቦችን ማጣራት ይኖርበታል፤ እነሱም ሥልጣኑ የተጠየቀውን ጉዳይ የሚሸፍን መሆኑ፣ ውክልናው ያልተሻረ መሆኑና ወካዩ በሕይወት ያለ መሆኑ ናቸው። ወካዩ ውክልናውን በማንኛውም ጊዜ መሻር የሚችል ሲሆን፣ ሲሞት ደግሞ ውክልናው በመርሕ ደረጃ ቀሪ ይሆናል።

የቤት ሽያጩ ራሱም ቢሆን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 መሠረት በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት መደረግ አለበት። ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱ ሲጓደል ገዥ የከፈለውን ገንዘብ፣ ሻጭም ቤቱን ለማስመለስ ለዓመታት በክርክር ሊጉላሉ ይችላሉ። ጉድለቱን ሰነዱ ከመፈረሙ በፊት ለባለጉዳዩ ማሳወቅ ከሁሉ ያነሰ ወጪ የሚጠይቅ መፍትሔ ነው።