ባዶ የሚመስለው ላስቲክ፦ የጃምቦ ከረጢት የውስጥ ሽፋን እንዴት ይወጣል?

አንድ ቶን ስኳር፣ ዱቄት ወተት ወይም ኖራ የያዘ ጃምቦ ከረጢት በሆይስት ተሰቅሎ ሲራገፍ ሁሉም ሰው ይጠነቀቃል። ክብደቱ ያስፈራል፤ ከሥሩ ማንም አይቆምም፤ ሆይስቱን የያዘው ሠራተኛም ዐይኑን ከጭነቱ ላይ አያነሳም። ከረጢቱ ሟሽሾ ሲንጠለጠል ግን ጥንቃቄውም አብሮ ይሟሽሻል። ሥራው ያለቀ ይመስላል። አንዱ መጥቶ የውስጡን ላስቲክ ይጎትታል፣ ደረቱ ላይ አቅፎ ያጣጥፈዋል፣ አየሩ እንዲወጣለት ይጨምቀዋል፤ ያን ጊዜ ነጩ ብናኝ ፊቱ ላይ ቡን ይላል። በዚህ ሥራ ላይ ሠራተኛው ብዙ አቧራ ከሚተነፍስባቸው ጊዜያት አንዱ ይህ፣ ማንም ከቁብ የማይቆጥረው የመጨረሻው ደቂቃ ነው።

ጃምቦ ከረጢት ከፖሊፕሮፒሊን ክር የተሸመነ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ500 እስከ 2000 ኪሎ ይይዛል። ሽመናው ክብደት ይችላል እንጂ ደቃቅ ዱቄት አያስቀርም፤ እርጥበትም አይከለክልም። ስለዚህ ለምግብ፣ ለመድኃኒትና ለኬሚካል ግብአቶች ከውስጡ ቀጭን የፖሊኤቲሊን ላስቲክ ይገባበታል። ከላይ መሙያ፣ ከታች ማፍሰሻ አፍ አለው። በማራገፊያው ላይ የታችኛው አፍ በክላምፕ ተይዞ ወደ ሆፐር ይከፈታል። ከሆፐሩ ሥር ሮታሪ ቫልቭ ወይም ስክሪው ኮንቬየር ዱቄቱን ተቀብሎ ወደ ማሽኑ ያሻግረዋል። በጥሩ ፋብሪካ ደግሞ ዱቄቱ ሲወርድ ከሆፐሩ የሚገፋውን አየር ስቦ የሚያጣራ አቧራ መሳቢያ ይኖራል።

ዱቄቱ ካለቀ በኋላ ላስቲኩ ውስጥ የሚቀረው ምንድን ነው? በየእጥፋቱና በየማዕዘኑ የተጠራቀመ ዱቄት አለ። ከግድግዳው ላይ ተጣብቆ የቀረ ስስ ብናኝም አለ፤ ይህን አጥብቆ የያዘው ዱቄቱ ሲንሸራተት ላስቲኩ ላይ የተፈጠረው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ነው። ከሁሉም በላይ ግን አየር አለ። አንድ ኪዩቢክ ሜትር ገደማ አቧራማ አየር የያዘ ላስቲክ ሲጨመቅ እንደ ወናፍ ይሠራል፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ በአፉ በኩል ይተፋዋል። አፉ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዞረው ወደሚጨምቀው ሰው ነው።

ጉዳቱ እንደ ዱቄቱ ዓይነት ይለያያል። በዐይን የሚታየው ብናኝ ያስነጥሳል እንጂ አብዛኛው አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ከ10 ማይክሮን በታች የሆነው ከዚያ አልፎ ይወርዳል፤ ከ4 ማይክሮን ገደማ በታች የሆነው እስከ ሳንባ ጥግ ይደርሳል። ይህኛው አየር ላይ ሲንሳፈፍ አይታይም፤ ሰውም ደመናው ስለጠፋ አየሩ የጸዳ ይመስለዋል። የስንዴ ዱቄት በዳቦ ጋጋሪዎች ዘንድ የታወቀውን አስም ያመጣል። በዚህ የተነሳ ብሪታንያ በ8 ሰዓት የሥራ ቀን አማካይ መጠኑ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ከ10 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስናለች። ደቃቅ የሲሊካ ብናኝ ከዚያ እጅግ ይከፋል፤ የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው ገደብ 50 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ኖራ እርጥብ ቆዳና ዐይን ሲያገኝ ያቃጥላል። ዱቄት ወተትና ስታርች ደግሞ የዋህ ይመስላሉ። የሚበሉ ነገሮች ናቸውና ሰው አይፈራቸውም፤ ግን ይፈነዳሉ።

ፍንዳታው እንዲህ ነው። የሚቃጠል ደቃቅ ዱቄት በአየር ውስጥ በበቂ መጠን ተበትኖ፣ በተዘጋ ቦታ ውስጥ እያለ፣ እሳት ወይም ብልጭታ ካገኘ በአንድ ቅጽበት ይነድዳል። የካቲት 7 ቀን 2008 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ፖርት ዌንትዎርዝ በሚገኘው የኢምፔሪያል ሹገር ፋብሪካ የደረሰው አደጋ 14 ሰዎችን ገደለ፤ ከ30 በላይ ሰዎችን አቆሰለ። መነሻው የከረጢት ላስቲክ አልነበረም፤ ከሲሎዎቹ ሥር የነበረ ዙሪያው በብረት የተሸፈነ ማጓጓዣ ነበር። እዚህ የማነሳው መርማሪዎቹ ስለ ጥፋቱ ስፋት ባገኙት ነገር ምክንያት ነው፤ የመጀመሪያው ፍንዳታ በየወለሉና በየብረቱ ላይ ለዓመታት የተጠራቀመውን የስኳር ብናኝ አራግፎ አስነሣው፤ ሕንጻዎቹን ያወደመው ይህ ተከታዩ ፍንዳታ ነበር። ቀን በቀን ከላስቲክ እየተራገፈ ቱቦና ኮርኒስ ላይ የሚያርፈው ብናኝ ያንኑ ዓይነት ክምችት ነው። የአሜሪካ የእሳት መከላከያ መመሪያ ለረጅም ጊዜ እንደ ማስጠንቀቂያ የተጠቀመበት የንብርብር ውፍረት 0.8 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነበር።

ብልጭታውስ ከየት ይመጣል? አንዱ ምንጭ ራሱ ላስቲኩ ነው። ፕላስቲክ ከሌላ ነገር ላይ በፍጥነት ሲላቀቅ ኤሌክትሪክ ይሞላል፤ ከመሬት ጋር በኧርዝ ካልተያያዘ ሰው ላይ ደግሞ ሙሌቱ ይጠራቀማል። ጃምቦ ከረጢቶች በዚህ ረገድ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ ተብለው በአራት ይከፈላሉ። ኤ ምንም መከላከያ የለውም። ቢ ከባዱን የብልጭታ ዓይነት ብቻ ይከላከላል። ሲ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ክር አለው፤ ነገር ግን የኧርዝ ሽቦው ካልተያዘለት ከኤ ይልቅ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ዲ ያለ ሽቦ ሙሌቱን ቀስ አድርጎ ይለቅቃል። ዓይነቱ ከረጢቱ ላይ በተሰፋው ምልክት ላይ ይጻፋል። ብዙዎች የማያስተውሉት፣ ውድ የሲ ከረጢት ገዝቶ ተራ ላስቲክ ውስጡ መክተት ጥበቃውን እንደሚያፈርስ ነው፤ ላስቲኩም ከከረጢቱ ዓይነት ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። አካባቢው የቤንዚን፣ የአልኮል ወይም የቀለም ማቅጠኛ ተን ካለበት ተራ ላስቲክን እዚያ ጎትቶ ማውጣት ፈጽሞ አይደረግም፤ ተኑን ለማቀጣጠል የሚበቃው ብልጭታ ዱቄቱን ከሚያቀጣጥለው እጅግ ያነሰ ነው።

እንግዲህ ላስቲኩ እንዴት ይውጣ? ዋናው ዘዴ አየሩን ከማውጣት በፊት ክላምፑን አለመክፈት ነው። ከረጢቱ ባዶ መሆኑ የሚረጋገጠው ላስቲኩ በሆይስቱ ወደ ላይ ቀስ ብሎ ተወጥሮ፣ እጥፋቱ ውስጥ የተደበቀው ዱቄት ወርዶ ሲያልቅ ነው። በዱላ መደብደብ ላስቲኩን ይቀድዳል፤ ብናኙንም ያስነሣል። ከዚያ አቧራ መሳቢያው እየሠራ፣ የታችኛው አፍ ሆፐሩ ላይ እንደተያዘ፣ የላይኛው አፍ እንደታሰረ ሆይስቱ ቀስ እያለ ይወርዳል። መሳቢያው አየሩን በሆፐሩ በኩል ይመጥጠዋል፤ ላስቲኩ ወደ ውስጥ ይሟሽሻል። የቀረውን ሠራተኛው ከላይ ወደ ታች እየጠቀለለ ያግዛል። ፊቱን ከአፉ ያርቃል፤ ደረቱ ላይ አያቅፍም። ይህ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ይወስዳል፤ የምርት ኃላፊዎች የሚያማርሩትም በዚህ ነው። ይሁን እንጂ የተበተነ ዱቄት ለማጽዳት የሚጠፋው ጊዜ ከዚህ ይበልጣል።

ቀጥሎ በከረጢቱና በሆፐሩ መካከል ያለው መዝጊያ ይዘጋል። የላስቲኩ አንገት ይጠመዘዛል፤ ሁለት ቦታ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ በሁለቱ መካከል ይቆረጣል። የላይኛው ማሰሪያ ከከረጢቱ ጋር የሚሄደውን ይዘጋል፤ የታችኛው ክላምፑ ላይ የቀረውን ቁራጭ ይዘጋል። ቁራጩ በቀጣዩ ከረጢት ጊዜ ይወገዳል ወይም መሳቢያው እየሠራ ወዲያው ይለቀማል። መቁረጫው ስለቱ ወደ ውስጥ የተደበቀ መሆን አለበት፤ ተራ ከተር የጣት ጠላት ነው፤ የስለቱ ስባሪም ምርቱ ውስጥ ይገባል። ምግብ በሚመረትበት ቦታ የተቆረጡት ማሰሪያዎች ተቆጥረው ይያዛሉ፤ አንዱ ከጎደለ የት እንደገባ ሳይታወቅ ምርቱ አይቀጥልም። የኧርዝ ሽቦው ይህ ሁሉ እስኪያልቅ አይነሣም። ብዙ ቦታ የሚፈታው መጀመሪያ ነው፤ ምክንያቱም ሽቦው ለእጅ ቅርብ ነው።

ላስቲኩን ከውጭው ከረጢት መለየት ካስፈለገ ይህ ሌላ አቧራማ ሥራ ነው። መልሶ ለመጠቀም የሚሰበስቡ ድርጅቶች የሚጠይቁት ይህን ነው፤ ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊኤቲሊን አብረው ጥሩ ሆነው አይቀልጡምና። ሥራው የሚሠራው አቧራ መሳቢያ ባለበት ጠረጴዛ ላይ፣ ቀስ ተብሎ ነው። በፎርክሊፍት ሹካ ላይ ሰቅሎ መሬት ላይ ማራገፍ የተለመደ ነው፤ ከዚህ የባሰ አሠራር ግን ለማሰብ ያስቸግራል።

አሁን ደግሞ እጅና ጣት ወደሚያስቆርጠው እንምጣ። ያልተወጠረ ላስቲክ ዱቄቱ እያለቀ ሲሄድ ከአየሩና ከዱቄቱ ጋር ወደ ታች ይሳባል፤ ሮታሪ ቫልቩ ውስጥ ይነከሳል ወይም ስክሪው ላይ ይጠመጠማል። ማሽኑ ያጓራል፤ ሠራተኛው በደመ ነፍስ እጁን ሰዶ ጫፉን ይይዛል። ማሽኑ የበለጠ ሲስብ ላስቲኩ ጓንቱን፣ ጓንቱ ጣቱን ይዞ ይሄዳል። የሮታሪ ቫልቭ ምላጮች ከቤቱ ግድግዳ ጋር ያላቸው ክፍተት ከሚሊሜትር በታች ስለሆነ መቀስ ናቸው ማለት ይቻላል። መፍትሔው በማጥፊያ አዝራር ማቆም ብቻ አይደለም። ዋናው ማብሪያ ይጠፋል፤ በቁልፍ ይቆለፋል፤ ቁልፉ እጁን በሚያስገባው ሰው ኪስ ይገባል፤ በአየር ግፊት የሚሠሩ መዝጊያዎችም ግፊታቸው ይለቀቃል፤ ከዚያም ማሽኑን ለማስነሣት ይሞከራል፤ አለመነሣቱ ሲረጋገጥ ብቻ ላስቲኩ በመንጠቆ ይወጣል። ሆፐሩ አፍ ላይ የብረት ፍርግርግ ማድረግ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያድናል፤ ዋጋውም ከአንድ ቀን የምርት መቆም ያነሰ ይመስለኛል።

ጭንቅላትን ወደ ሆፐር ማስገባት ለአፍታም ቢሆን አይፈቀድም። አንዳንድ ዱቄቶች እንዳይፈነዱ ወይም እንዳይበላሹ ሆፐሩ በናይትሮጂን ይሞላል። ናይትሮጂን ሽታ የለውም፤ ሰውም እንደታፈነ ሳያውቅ ይወድቃል። ኦክስጅን ከ19.5 በመቶ በታች የወረደበት ቦታ በአሜሪካ ደንብ ለመተንፈስ እንደማይበቃ ይቆጠራል።

ማስክ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከአቧራ መሳቢያው ይልቅ ማስኩን ማስቀደም የተለመደ ነው፤ ርካሽ ነውና። የጨርቅ ማስክና ሻሽ ደቃቁን ብናኝ አያስቀሩም። ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 ያስፈልጋል፤ ለከፋ ብናኝ ኤፍኤፍፒ3። ጢም ባለበት ፊት ላይ ማስኩ በደንብ አይገጥምም፤ ትንፋሹም በጎን ይገባል። ለኖራና ለኮስቲክ ሶዳ ዐይን ዙሪያውን የሚሸፍን መነጽርና ረጅም ጓንት ይጨመራል። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብና አጠቃቀሙን የማስረዳት ግዴታ አለበት፤ ሠራተኛውም በአግባቡ የመጠቀም። ወለሉ በመጥረጊያ አይጠረግም፤ በኮምፕሬሰር አየርም አይነፋም። በቫኪዩም ይሳባል፤ ለሚቀጣጠል ዱቄት ደግሞ ለዚያ ተብሎ በተሠራ ቫኪዩም።

ያገለገለው ላስቲክ ከፋብሪካ ወጥቶ የት እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። ዝናብ መከላከያ ይሆናል፤ እህል ይሰጣበታል፤ በርበሬ ይቋጠርበታል። የስኳር ወይም የስታርች ላስቲክ ከሆነ ጉዳቱ ቀላል ነው። የኮስቲክ ሶዳ፣ የፀረ ተባይ ወይም የማቅለሚያ ላስቲክ ታጥቦም ለምግብ አይሆንም፤ ፋብሪካው ቀዳዶ ማስረከብ አለበት። ማቃጠልም መፍትሔ አይደለም፤ የፒቪሲ ዱቄት የቀረበት ላስቲክ ሲቃጠል ሳንባ የሚያቆስል የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጭስ ይወጣል። ከረጢቱን ደግሞ ሞልቶ ለመስቀል የሚያስብ ካለ ምልክቱን ያንብብ፦ ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ከረጢት አዲስ ሳለ የተፈቀደለትን ጭነት 5 እጥፍ እንዲችል ተፈትኗል፤ ከፀሐይና ከመጎተት በኋላ ያ አቅም አይኖረውም።

ከላስቲክ ጋር ያለው ትግል ግማሹ የሚወሰነው ማራገፊያው ጋ ሳይሆን ግዢ ክፍል ውስጥ ነው። በከረጢቱ ቅርጽ ልክ የተሠራ ላስቲክ ከቀጥታው ቱቦ ያነሰ እጥፋት አለው፤ ዱቄት የሚይዝበት ኪስም ያነሰ ነው። ጥግ ጥጉ ላይ ከውጭው ከረጢት ጋር የተሰፋ ወይም የተጣበቀ ላስቲክ ወደ ሆፐሩ አይሳብም። ዋጋው በከረጢት ጥቂት ይጨምራል። ግዢ ክፍሉ አቅራቢውን ሲያነጋግር አራት ነገር ይጠይቅ፦ ላስቲኩ ቅርጽ አለው ወይስ ቱቦ ነው? ከከረጢቱ ጋር ተያይዟል? ከየትኛው የከረጢት ዓይነት ጋር እንዲሠራ ተፈትኗል? የታችኛው አፉ ርዝመትስ ሁለት ጊዜ ታስሮ መሐሉን ለመቁረጥ ይበቃል?